ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ

ስፕሪንግ ቫሊ ማደያ ነዳጅ ስቀዳ፣ አጠገቤ የቆመ አርቪ፣ እንደ ቤት የሚታደርበት መኪና፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ጭሱ ሲሸተኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አያቴ የሚተነፍሱት በማሽን ነበር። ካንየኑን፣ ያን ዝነኛ ጥልቅ ሸለቆ፣ እንዲያዩ ብሎ አባቴ መኝታ ያለው አርቪ ተከራየ፤ መኪናው የሚያድርበትን ካምፕ ግን ቀድሞ ሪዘርቭ አላደረገም። «ሄደን ፊት ለፊት ከለመንናቸው መቼ እምቢ ይላሉ?» አለ።

የካምፑ ሠራተኞች እምቢ አሉ። ኤሌክትሪክ ያለው ቦታ ሁሉ ተይዟል፤ የቀረው ዛፍ ስር፣ ያለ መብራት ነው። የእኛ ጄኔሬተር ደግሞ መንገድ ላይ ጨሶ ቆሟል። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ሁለቴ ተመልሶ ለመነ። የማሽኑ ባትሪ እያለቀ ይጮሃል።

«ተው ልጄ፣ አትለማመጣቸው» አሉ አያቴ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ። «ዛፉ ስር አቁምልኝ። እዚህ ደርሼማ ሳላየው አልመለስም።»

አባቴ መሪውን እንደጨበጠ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ወደ ዛፉ ወይስ መብራት ወዳለበት ከተማ ልንዳ?»

አሁን ነዳጁ ሞልቶ ከኋላዬ ክላክስ ይጮሃል። እኔ እስካሁን አልመለስኩለትም።