ለአባቴ ቶርኖ የሠራሁት ፍሪሲዮን

አባቴ ቶርኖዋን ለገቢ ብሎ አልገዛትም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በትልልቅ ቶርኖዎች ላይ ብረት ሲቀርጽ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እጁ ሥራ ፈታበትና ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቶርኖ አስመጣ። ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን፣ በመንገዱ በር አጠገብ ተከላት።

ጦርነቱ ሲደርስ ቤቱን ቆልፈን ወጣን። ስንመለስ ቶርኖዋ አለች፤ የትርፍ ጊሮቿ ሳጥን ግን የለም።

በእኛ አገር ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም። ታላቅ ሰው ሲያልፍ ሥራ ተትቶ ይዞራል፣ እጅ ደረት ላይ ይሆናል፣ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ከተመለስን ብዙም ሳይቆይ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ጎረቤታችን፣ ከመንገድ ላይ ሰላምታ ሰጡት። እንዳመሉ ዞረ። መቁረጫው በራሱ እየተጓዘ ብረቱን ይዞ ከሚሽከረከረው መንጋጋ ጋር ተላተመና የአንዱ ጊር ሁለት ጥርሶች ረገፉ። በብየዳ አስሞልቼ በሞረድ ቀረጽኳቸው። ሌላ ግጭት ግን እንደማይችሉ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሰላምታ እንዳያዘናጋው በሩን ዘግቶ መሥራት ጀመረ። ጎረቤታችን ደግሞ እኛ ስንሸሽ ሰፈሩን ጥለው ያልሄዱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ አባትሽ ሳጥኑን እኔ ያነሳሁት መሰለው?»

ቤት ገባሁና ለአባቴ ነገርኩት። ደንግጦ ወዲያው ሄደ፣ እንዳልጠረጠራቸውም ማለላቸው። ጓደኛው ግን፣ «መሐላውን ተወው፣ በሩን ክፈተው» ብለው መለሱት።

በሩ ቢከፈት አባቴ መዞሩን አይተውም። ስለዚህ መለወጥ ያለባት ቶርኖዋ ናት አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ስለተማርኩ ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ጫና ሲበዛበት የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ነው። መቁረጫውን የሚጎትተውን ረጅም ዘንግ ለሁለት ቆርጬ በቀለበት ማገናኘት፣ በመሃል በሞላ የሚገፋ የኩሽኔታ ኳስ ቀለበቱ ላይ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ። ግጭት ሲመጣ ኳሱ ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ዘንጉ ይቆማል፣ ጊሩ ይተርፋል።

«ደህናውን ዘንግ ልትቆርጪው?» አለ አባቴ።

ሦስት ቀን ስዕሉን ደጋግሜ ሠራሁለት። በአራተኛው ቀን መጋዙን ራሱ አመጣልኝ።

የመጀመሪያው ሞላ ልል ስለነበር ስስ ብረት ሲቆረጥም ተንሸራተተ። ሁለተኛው በጣም ጠነከረ። ከዚያ ዘንጉ ላይ ክንድ አስሬ ጀሪካን ሰቀልኩና ውሃ በጣሳ በጣሳ እየጨመርኩ፣ ስንተኛው ጣሳ ላይ ኳሱ እንደሚለቅ እየመዘገብኩ ሞላውን አስተካከልኩ። ጀሪካኑን ስንት ጊዜ እንደሞላሁና እንደደፋሁ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ጎረቤታችን ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

አባቴ ሙሉ በሙሉ ዞረ። እኔ ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ጊሩን አያለሁ። መቁረጫው መንጋጋውን ነካ፤ ፍሪሲዮኑ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ መቁረጫው ግን ወደፊት አልሄደም። ማጥፊያውን አልተጫንኩትም።

«ምንድን ነው የሚቀጨቀጨው?» አሉ ጎረቤታችን ወደ ውስጥ እየገቡ።

«ልጅቷ ያስገባችው ነው። አንተ ሰላምታህን እስክትጨርስ ቶርኖዋ ትጠብቃለች።»

«እንግዲያው ገና አልጀመርኩም» ብለው ተቀመጡ።

ቶርኖዋን አጥፍቼ ጥርሶቹን ቆጠርኩ፤ ሁሉም አሉ። የኳሱ ጉድጓድ ጠርዝ ግን ተፍቆ ነበር። በማግስቱ ፈትቼ ከጠንካራ ብረት ሌላ ቀለበት መቅረጽ ጀመርኩ።