ፊቱ የሞላ ሰው ገመድ ሲይዝ

ባለፈው ክረምት ትንፋሼ አላስኬድ ቢለኝ ከአቦቦ ጋምቤላ ከተማ ድረስ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሟ መርምራኝ ስትጨርስ ኪኒን ሰጠችኝ። ምንድነው ብላት ዴክሳ የሚሉት ኪኒን ዘመድ መሆኑን ነገረችኝ። መልሼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄን ብሞት አልውጥም።»

«ምነው አባባ፣ ምን አደረገዎት?»

«እኔን አይደለም፤ ይመርን ነው» አልኩና ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ይመር ከወሎ በሰፈራ አብረን የመጣን ያገሬ ልጅ ነው። ጎረምሶች ሳለን በቆሎ መኮትኮት ሰለቸንና ወርቅ ፍለጋ ዲማ ወረድን። እዚያ አንዱ ጠባብ ጉድጓድ ገብቶ ይቆፍራል፤ አንዱ ከላይ ሆኖ አፈሩን በገመድ ይስባል። በመጨረሻ ቆፋሪውንም ስቦ የሚያወጣው እሱው ነው። ገመድ የሚይዘውን ሰው በፊቱ ነበር የምንመርጠው፤ ጉንጩ ከሞላ ጉልበት አለው ማለት ነው። ረሃብ አይተን ያደግን ልጆች ነን፤ ጉንጭ ካየን ሌላ አንጠይቅም።

ይመር ቀጭን ነበር። ጉድጓዱን ስለሚፈራ ግን ገመዱን ይመኝ ነበር። ገበያ ላይ አንድ ሰውዬ፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድ ይከፍታል ብሎ ዴክሳ ሸጠለት። መጀመሪያ እውነትም ሠራ። አካፋው ቀለለው፤ የተጠበሰ ዓሣ ቢያቀርቡለት አጥንቱን ብቻ ነበር የሚተው። እያደር ፊቱ ክብ አለ።

ኡጁሉ የሚባል የዚያው አገር ተወላጅ፣ አኙዋክ ጓደኛችን፣ ያሾፍበት ነበር።

«አንተ ይመር፣ ሚስት የለህም፣ ማን አበላህ? ይሄ ፊት ነው ዱባ ነው?»

«ቅናት ይዞህ ነው» ይላል ይመር።

ገመዱን ሰጠነው። ክንዱና ጭኑ መክሳታቸውን ያየ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለና እኔ ያለሁበት ጉድጓድ ውሃ ይገባበት ጀመር። «ሳብ!» ብዬ ጮህኩ። ትንሽ ከፍ አልኩና አጋማሹ ላይ ቀረሁ። ከላይ ጭቃ ይረግፍብኛል፤ ከታች ውሃው ይንቦጫቦጫል።

«ይመር! ምን ሆንክ?»

«ክንዴ እምቢ አለኝ! ግን አልለቅህም! ወላሂ አልለቅህም!»

ኡጁሉ ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ ደረሰና ሳበኝ። ወጥቼ ሳይ ይመር ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ መሬት ላይ ተዘርሯል፤ ወገቡ ተልጦ ይደማል። ተነሥ ብንለው እግሩ አልታዘዘውም። ተሸክመን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ጉልበቱን የበላው ኪኒኑ ነው፣ በአንዴ ግን አይቆምም ብለው ቀስ በቀስ እየቀነሱ አስተዉት። እንደ ሰው እስኪራመድ ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋመሰ።

ሐኪሟ ይህን ሁሉ ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«አባባ፣ በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የበላነውን ጉልበት ያደርጉታል፤ እንደ ምድጃ ያስቧቸው። በዚህ ኪኒን ውስጥ ያለውን ዓይነት ሆርሞን ሰውነታችን ራሱም ይሠራል፤ በጭንቅ ቀን ምድጃውን ያነድደዋል። ከውጭ በብዛት፣ ለረጅም ጊዜ ሲጨመርበት ግን ምድጃው ይደክማል፣ ጡንቻውም ያልቃል። ለእርስዎ የምሰጥዎት ለጥቂት ቀን ነው፤ እኔም እከታተልዎታለሁ።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ብወድቅ አብሮኝ ሊወድቅ ነው ራሱን ከገመዱ ጋር ያሰረው። ምድጃው ሁሉ ደክሞበት ሳለ ይህን ከየት አመጣው?»

«እሱን አላውቅም» አለችኝ።

ገበያ ላይ ዴክሳውን ለይመር የሸጠለት ሰውዬ፣ እንደ አፉ ከሆነ፣ የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ እሷ ግን አላውቅም አለች። እኔም እጄን ዘርግቼ ኪኒኑን ተቀበልኳት።