በግራ እጄ ያላቀበልኩት ብርጭቆ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐርጌሳ አንድ የጨዋታ ቤት በር ላይ የቆመ ያገሬ ልጅ፣ ያንን ዓይን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር ዘረጋልኝና «ጋሼ፣ ይሞክሩት፤ ሌላ ዓለም ያሳያል» አለኝ። «አይቼዋለሁ፤ አንሣልኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ምን በደለ? ንዴቴ የቆየ ነው።

ከተማዋ ከፍርስራሽ ተነሥታ ፎቅ በፎቅ በምትሆንበት ዘመን፣ ዋሄን ገበያ አጠገብ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ግድግዳ ለሳኝ ነበርኩ። የሐምሌ ንፋስ አቧራውን ከምሳ ሩዛችን ጋር ያስበላን ነበር። ፎርማናችን አብዲ ድሬዳዋ ያደገ የሐርጌሳ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። የመወጣጫው ገመድ መበስበሱን ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። አልሰማኝም። ተበጠሰና ወደቅኩ፤ ግራ እጄ ተሰበረ።

እጄ ሲድን ወደ ሥራ ለመመለስ የማገገሚያ ክሊኒክ ወረቀት ጠየቁኝ። መርማሪዋ ፈረንጅ ስለነበረች አብዲ ላስተርጉም ብሎ አብሮኝ መጣ። እኔ ከተመለስኩ የገመዱ ነገር የሕንፃው ባለቤት ጆሮ እንደሚደርስ ያውቃል። ይህን እያወቅኩ አብሬው መሄዴ የኔ ጅልነት ነው።

ያንኑ ዓይነት መነጽር አጠለቁልኝ፤ በሁለቱም እጄ መያዣ አስጨበጡኝ። ጠረጴዛ፣ ሻሂ የተቀዳባቸው ብርጭቆዎች፣ ከፊቴ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ ታየኝ። በቀኝህ አቀብለው ተባልኩ፤ አቀበልኩ። በግራህ ሲሉኝ ግን ግራዬን ዘርግቼ መለስኩትና በቀኜ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ ሞከሩኝ፤ ሦስቴም እንደዚያው።

«አብዲ፣ ለሽማግሌ በግራዬ አላቀብልም፤ ነውር ነው። እጄ ደህና ነው በላት።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አለና ወደ እሷ ዞሮ፣ «ሂ ካንት» አላት።

እንግሊዝኛ ባልችልም ያቺን ቃል አውቃታለሁ፤ አይችልም ማለት ናት። መነጽሩን አውልቄ ወንበሩን በግራዬ ከመሬት አነሣሁት። «ዋላሂ፣ ይዋሻል!» አልኩ። ሴትዮዋ በሐዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ሪፖርቷን ፈረመች፦ ግራ እጁ አይታዘዘውም፤ ከፍታ ላይ አይሥራ።

ከዚያ ወዲያ መወጣጫ ላይ የሚያወጣኝ አላገኘሁም። ዓመታት በጋአን ሊባህ ሰፈር የሰው ግቢ ስጠርግ አለፉ።

ጓደኞቼ «ለአላህ ብለህ አውፍ በለው፤ ረጅም ጊዜ ሆነው» ይሉኛል። ፈረንጇን አውፍ ብያታለሁ፤ ወጋችንን አታውቅም። መሣሪያውም አያውቅም። አብዲ ግን ትንሹ ልጁ በግራ እጁ ውሃ ቢያቀብለው በፊታችን በጥፊ ያጮለ ሰው ነው።