ከአንድ ቀጥሎ አምስት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ዘነበ ከሽክርክሪቱ ሥር አቁመውኝ፣ «ሰው በዓይን መመዘን ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ሙዝ እችላለሁ» አልኳቸው። ከዚያ በፊት ሲቀላ ሰፈር ባለ ሙዝ መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ዘለላውን አይቼ ኪሎውን ስናገር ሚዛኑ ብዙ አያሳፍረኝም ነበር።

«በቃ። ሰው ከሙዝ የሚለየው በወሬው ብቻ ነው» አሉ።

ሽክርክሪት የምንለው ስምንት ወንበር የተንጠለጠለበት፣ የቆመ ትልቅ የብረት ጎማ ነው። ሞተሩንና ፍሬኑን የሚይዙት ባለቤቱ ጋሽ ዘነበ ናቸው። እኔ ሰው አስቀምጣለሁ፣ የወንበሩን መዝጊያ ብረት እቆልፋለሁ፣ አወርዳለሁ። አንደኛው ወንበር ከተሞላ ቀጥሎ የሚሞላው ሁለተኛው አይደለም፤ ትይዩው አምስተኛው ነው። ሲወርዱም እንደዚያው። አንድ ወገን ከከበደ ጎማው በራሱ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሳትኩ። አንደኛው ከወረደ በኋላ፣ ሁለተኛው ላይ የነበሩ ከጨንቻ የመጡ እናት ሲያለቅሱ አንጀቴ አልቻለም። አምስተኛውን ትቼ እሳቸውን አወረድኩ። ጎማው አመለጠ። ጋሽ ዘነበ ፍሬኑ ላይ ተንጠልጥለው አቆሙት፤ ትከሻቸው ወለቀ። ወደ ወጌሻ ሲሄዱ፣ «ስታወርጂ ለቅሶ አትስሚ፣ ክብደት እዪ» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃት አልለቀቀኝም። የእያንዳንዱን ወንበር መዝጊያ ሁለት ጊዜ እነካለሁ። ራሴ ወጥቼበት አላውቅም። ልጄን ምሕረትንም ከልክያት ኖርኩ።

እሷ ግን በመጽሐፍ ትወጣበት ነበር። ከትምህርት ቤት እየተዋሰች ሽክርክሪት ያለበትን ገጽ ታነብልኛለች። እኔ አራተኛ ክፍል ስላቆምኩ ማዳመጥ ይቀለኛል። በአንዱ መጽሐፍ ሁለት የተኳረፉ እህትማማቾች ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆመባቸውና ታረቁ። በሌላው አንድ ሽማግሌ ጫፍ ላይ ቆሞላቸው የተወለዱበትን ቤት አዩ።

«ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ነው እንዴ የሚቆመው?» አልኳት።

«አዎ እማ። ማማሩ እዚያ ነው።»

«ማነው የሚያቆመው?»

ገጹን ገልብጣ ፈለገች። «እሱን አልጻፉትም።»

«ፍሬን የያዘ ሰውማ አለ» አልኩ።

ስምንተኛ ክፍልን ስታልፍ ምን ላድርግልሽ አልኳት። «አንድ ጊዜ ልውጣ» አለች።

የመስቀል ሰሞን ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ከጓደኛዋ ጋር ሁለተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ መዝጊያውን ሦስት ጊዜ ነካሁት። ብዙም ሳይዞሩ መብራት ሄደ። ጋሽ ዘነበ ፍሬኑን ያዙ። አንደኛው ወንበር መሬት ላይ ነበር። የምሕረት ከሱ ቀጥሎ፣ እጄን ብዘረጋ ጫማዋን የምነካበት ቦታ ላይ ቆመ። ከአባያ በኩል ነፋስ ተነስቶ ወንበሮቹን ያወዛውዛል።

አንደኛውን አወረድኩ።

«እማ፣ እኔን» አለች። ድምጿ ቀጥኗል።

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ፣ «ምን ዓይነቷ ሴት ናት? ልጇ አጠገቧ አይደለችም?» አለ።

ጋሽ ዘነበ ዞረው አዩኝ። «የቱን እንደሆነ አንቺ በይ» አሉ።

አምስተኛው ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ወፋፍራም ነጋዴዎች ይዟል።

«አምስት» አልኩ።

ጋሽ ዘነበ ፍሬኑን ትንሽ ትንሽ ሲለቁ እኔ የጠርዙን ብረት በእጄ እየሳብኩ ጎማውን ግማሽ ዙር አዞርነው። ምሕረት ወደ ላይ ሄደች። ቀና ብዬ አላየሁም፤ ባየኋት ኖሮ እጄ ብረቱን ይለቅ ነበር።

ነጋዴዎቹ ቀስ ብለው ወረዱ። አንደኛው ስልኩን ኪሱ እየከተተ፣ «እዚያ ላይ ኔትወርኩ ግሩም ነው» አለኝ።

ከዚያ ሁለት። የልጄን መዝጊያ ልከፍት እጄን ስዘረጋ ቀደመችኝ። ራሷ ከፈተችው።

«ላይ ሆነሽ ምን ታየሽ?» አልኳት።

«ሻሽሽ። ቀና ትያለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«ቀጥሎ ስድስተኛው ነው» አልኳትና ወደ ብረቱ ተመለስኩ።

አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች የማሳየው ይህንኑ ነው። ከአንድ ቀጥሎ የሚወርደው አምስት ነው። ሁለተኛው ላይ ያለችው ልጅሽም ብትሆን።