ለፖርት ሱዳን ሙቀት የተሰፋው ቀሚስ

ባለፈው ወር ሀያት ደወለችልኝ። ሀያት የጓደኛዬ የሰዓዳ ልጅ ናት፤ በክረምቱ ልታገባ ነው። ሰርጉ ታዲያ አዲስ አበባ እናቷ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ዛንዚባር ነው፣ ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ። ድሮ ሙሽራ ዘመድ ወዳለበት ትሄድ ነበር፤ ዛሬ ሙሽራዋ ዘመዷን አስከትላ ወደ ባሕር ትሄዳለች። እኔ ኮምቦልቻ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ስላለኝ ምክር ፈልጋ ነው የደወለችው።

"አክስቴ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው ይላሉ። ምን ዓይነት ጨርቅ ይሻለኛል?"

"ጥጥ" አልኳት ሳላስብ። "ስስ ጥጥ። ሳቲን የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ፤ ላብ ሲነካው ከገላሽ ጋር ይጣበቃል።"

"እንዴት አወቅሽ? ዛንዚባር ሄደሻል እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ዛንዚባርን በሥዕል እንኳ በደንብ አላውቀውም። ግን አንድ ጊዜ፣ ሴት ልጅን ለባሕር ዳር ሙቀት ሙሽራ አድርጌ አልብሻለሁ። ያቺ ሙሽራ የሷው እናት ነበረች። ይህን ለሀያት አልነገርኳትም። ስልኩን ዘግቼ መቀሱን አስቀመጥኩ።

ካርቱም ነበርን፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት በሠራተኝነት እሠራለሁ፤ ሰዓዳ ደግሞ ቡሪ፣ አሮጊት እናትና ልጅ ብቻ የሚኖሩበት ቤት ትሠራ ነበር። ሁለታችንም የወሎ ልጆች፣ የአንድ መንደር ሰዎች ነን። ልዩነታችን እሷ ገና በልጅነቷ ደሴ አክስቷ ዘንድ ተልካ ያደገች መሆኗ ነው፤ እኔ ግን ካርቱም እስክገባ ድረስ ከመንደሩ አልወጣሁም። አባቷን ጋሽ ሰይድን፣ አጎቷን ሼህ ይማምን ከሷ ይልቅ እኔ አውቃቸው ነበር። ሼህ ይማም ቁርአን ያስቀሩኝ ሰው ናቸው።

አርብ አርብ ሁለታችንም ስንፈታ በሀፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተሳፍረን አል-ሳሃፋ፣ እትዬ አበባ ቤት እንገናኛለን። እትዬ አበባ ጎንደሬ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ከባለቤታቸው ጋር ተሰደው የመጡ፣ ልብስ እየሰፉ ሦስት ልጆች ያሳደጉ ሴት። ፉል በሰሊጥ ዘይትና በሽንኩርት አቅርበው፣ የቀዘቀዘ ከርከዴ ቀድተው፣ እኛ ስንበላ እሳቸው መኪናቸውን በእግራቸው ይረግጣሉ። ስፌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የምበላው እንጀራ የዚያ ቤት ነው።

ሰዓዳ የታጨችው አህመድ ለሚባል ልጅ ነው፤ የኛው አገር ሰው፣ ፖርት ሱዳን ወደቡ ላይ ክሬን ነጂ። ዘመዶቹ ሁሉ እዚያ ስለሆኑ ሰርጉም እዚያው ሆነ። ኒካሁ ካርቱም ይታሰራል፣ ከዚያ ሙሽራዋ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ተጉዛ ባሕሩ ጋ ትደርሳለች። ጭንቀቱ እዚህ ላይ መጣ። ሰዓዳ ከመንገድ ወርዳ ልብስ መቀየር የሚባለውን አልቀበልም አለች።

"አማቾቼ የሚቀበሉት ሙሽራ ነው፣ መንገደኛ አይደለም። ከዚሁ ለብሼ ነው የምሄድ!"

ገና ድሮ የገዛችውን የሚያብረቀርቅ ሳቲን ይዛ መጣች። እትዬ አበባ ቁራጩን ውኃ ነክረው ክንዷ ላይ ለጠፉላት፤ እንደ ፕላስተር ተጣበቀ። "እዪው! የካርቱም ሙቀት ደረቅ ነው፣ ያበስልሻል እንጂ አያጠብሽም። የባሕሩ ሌላ ነው። ኸላስ፣ ሳቲኑን ለመጋረጃ።"

ስለዚህ እኔና ሰዓዳ ሱቅ ሄደን ነጭ ቶብ ገዛን፤ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ያንን ስስ ጥጥ፣ ጌጥም ጥልፍም የሌለው ሜዳ ነጭ። ስሱም ርካሹም እሱ ነበር። ባለሱቁ ሽማግሌ ጨርቁን እያጠፈ፣ በሐዘን ድምፅ፣ "ማን ሞተባችሁ?" ብሎ ጠየቀን። ሰዓዳ በሳቅ ፈረሰች። "ኧረ አባቴ፣ ልናገባ ነው!" አለችው በዐረብኛ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ።

እትዬ አበባ ነገሩን ስንነግራቸው መኪናውን አቆሙ። "እነሱ ዘንድ እኮ ሜዳ ነጭ ቶብ ባሏ የሞተባት ሴት ናት የምትለብሰው። የሐዘን ልብስ ነው።"

"እኛ ዘንድ ሐዘን ጥቁር ነው፣ ነጭ የሙሽራ" አለች ሰዓዳ። "ጨርቅ ምን ያውቃል?"

አንድ ወር ሙሉ ሰፋነው። እጅጌው እስከ አንጓ ነው፣ ግን ነፋስ እንዲገባበት ሰፊ። ብብቱ ላብ እንዳይበላው በድርብ ተሰፋ። ብረት በፀሐይ ይግላል ተብሎ ዚፕ ቀረና ጀርባው ላይ በጨርቅ የተለበጠ አዝራር ከላይ እስከ ታች ተደረደረ። እትዬ አበባ ሰዓዳን ቀሚሱን አስለብሰው የእንጨት ወንበር ላይ ያስቀምጧታል፤ የት የት እንደሚጨማደድ ለማየት፣ "ገዳሪፍ ደረሽ... ከሰላ ደረሽ... እንዳትንቀሳቀሺ" እያሉ። እንስቅ ነበር። ሀቡብ፣ ያ የአሸዋ ማዕበል፣ ሲነሳ መስኮቱን ዘግተን፣ ነጩን ጨርቅ ከአቧራው በአንሶላ ሸፍነን፣ በላብ እየተጠመቅን እንስቅ ነበር።

ሰዓዳ ግን ከቀሚሱ በላይ የምትጠብቀው ነገር ነበራት። መንደራችን ስልክ የለውም፤ የአባቷን ድምፅ ከሰማች ስድስት ዓመት አልፏል። "አባባን ሳላይ አላገባም" ብላ ነበር፤ እሳቸው ናቸው መጀመሪያ አግቢ፣ ከዚያ ባልሽን ይዘሽ ነይ ብለው የላኩባት። ኒካሁ የአባት ውክልና ስለሚያስፈልገው፣ ውክልናውን በካሴት ቀድተው እንዲልኩላት ለመነች። ከሰርጉ በኋላ በአሥራ አምስት ቀኗ ወደ አገር ትሄዳለች። ሁሉም በዚያ ተቆርጦ ነበር።

ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ነጋዴ ካሴቱን አመጣ። እትዬ አበባ ቤት ቴፑን ከፈትን። እኔ የቀሚሱን ጠርዝ በመርፌ ይዤ መሬት ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ፣ እንጨት በዘንግ ሲመታ፣ ቀስ ብሎ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

"ሰዓዳ፣ ልጄ፣ አላህ ትዳርሽን የተባረከ ያድርግልሽ። ሐጂ እንድሪስን ወክያለሁ፣ በኔ ቦታ ሆነው ይዳሩሽ። እኛን አታስቢ። ሁላችንም ደህና ነን።"

"አባባ!" አለች ሰዓዳ፤ ቴፑን አቅፋ አለቀሰች። "ድምፁ እንዴት አርጅቷል!"

እኔ መርፌውን ጣቴ ውስጥ ሰክቼው ነበር። ያ ድምፅ የጋሽ ሰይድ አልነበረም። ከመናገራቸው በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት፣ ሲናገሩም በዘንጋቸው ሰሌዳውን የሚመቱት ሼህ ይማም ናቸው። ልጅ ሲዋሽ ይገርፉ የነበሩት መምህሬ "ሁላችንም ደህና ነን" አሉ። አባትየው በሕይወት ቢኖሩ ወንድማቸው በእሳቸው ቦታ እንደማይናገሩ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ለሐኪሙ ሚስት ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ቡሪ፣ ሐጂ እንድሪስ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ የኒካሁን ነገር የያዙት የአገራችን ሰው ናቸው። ገና አፌን ስከፍት ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

"አውቀሽዋል ማለት ነው። ጋሽ ሰይድ በበልግ አርፈዋል። ነጋዴው ነግሮኛል።"

"ታዲያ ኒካሁ?"

"አባት ከሞተ፣ ወንድምም ከሌላት፣ ወሊነቱ፣ የመዳር መብቱ፣ ወደ አጎት ይዞራል። ሼህ ይማም ወክለውኛል፤ ኒካሁ ይጸናል። መርዶውን ግን ከሰርጉ በኋላ አርዷት ብለዋል። ራሳቸው ሟቹ ናቸው አሉ፣ ልጄ ሰርጓ እንዳይፈርስባት ብለው የተናዘዙት።"

ይህ እውነት ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። የሞተ ሰው ኑዛዜ ሁልጊዜ ለቀሪዎቹ እንደሚመች ግን በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለእትዬ አበባ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጫኑ፣ አለቀሱ፣ ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ "ለሙሽራ መርዶ አይነገርም። ሆድሽ ይፍጀው፣ ልጄ" አሉኝ። እኔም ሆዴ ይፍጀው አልኩ። ለሰዓዳ አዝኜ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ከተናገርኩ ግን ፈርቼም ነበር። ከነገርኳት እንደማትሄድ አውቃለሁ። አንድ ወር የሰፋነው፣ አህመድ የሚጠብቀው፣ ሁሉም ሊፈርስ ነው፤ ያፈረሰችው ፋጡማ ናት ልባል ነው።

ኒካሁ ሐሙስ ታሰረ፤ አርብ ጠዋት አለበስኳት። ሂናዋ እጇ ላይ ጠቁሯል፣ ፀጉሯ በቅባት ያበራል። ከኋላዋ ቆሜ አዝራሮቹን ከታች ጀምሬ ቆለፍኩ። ይሄን ስጨርስ እነግራታለሁ እላለሁ፤ እጨርሰዋለሁ፤ የሚቀጥለውን እይዛለሁ።

"ዛሬ ምነው ዘገየሽ?" አለችኝ።

"ቀናሁብሽ" አልኳት።

"አቦ፣ አንቺንም እንድርሻለን ኢንሻአላህ!" ብላ ሳቀች። "ለአባባ ጀላቢያ የት ልግዛ? ከፖርት ሱዳን ወይስ ስንመለስ ከዚህ?"

የመጨረሻው አዝራር አንገቷ ሥር ነበር። ቆለፍኩት። "ከዚያው ግዢ" አልኳት።

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እጇን አወጣች። ያን ያህል የተደሰተ ፊት ከዚያ በኋላ አላየሁም። ቀሚሱ ነጭ ነበር፣ ንጹሕ፣ አንድም አልተጨማደደም። እኔ ግን ሽማግሌው ባለሱቅ የጠየቀን ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር።

በአሥራ አምስተኛው ቀን እሷና አህመድ ወደ አገር ለማለፍ ካርቱም ገቡ፣ እትዬ አበባ ቤት አደሩ። ሐጂ እንድሪስና ሁለት ሽማግሌዎች ንጋት ላይ መጡ፤ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ሰዓዳም ታውቃለች። ሳይነግሯት ጮኸች። አልጋው ላይ ለአባቷ የገዛችው ጀላቢያ ከነላስቲኩ ተዘርግቶ ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ ወደኔ ዞረች። "ስታለብሺኝ ታውቂ ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። "አዎ" አልኳት።

"እኔ የአባቴን ሐዘን ለብሼ ጨፈርኩ" አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። በዚያው ከባሏ ጋር ወደ መቃብሩ ሄደች። የሰርጓን ፎቶዎች በሙሉ እንዳቃጠለቻቸው በኋላ ሰማሁ። ሦስት ዓመት ዘጋችኝ፤ ሀያት ስትወለድ ነው፣ "ልጅ ወልጃለሁ፣ እወቂው ብዬ ነው" የምትል አጭር ደብዳቤ የላከችልኝ። ከዚያ ቀስ እያልን ታረቅን። ስለዚያ ቀሚስ ግን አንስተን አናውቅም።

ሀያት በደወለች ማግስት ሰዓዳ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል። ዓመቱን ሙሉ ጨጓራ ነው ስትለኝ የከረመችው ሕመም ጨጓራ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ሐኪሞቹ የሰጧት ጊዜ አጭር ነው። አውሮፕላን አይፈቀድላትም።

"ለሀያት አልነገርኳትም። እናቴ ጉልበቷን አሟት ቀረች ትበል፣ ሰርጓን ደግሳ ትመለስ። አንቺ አልብሻት፣ ፋጡማ። አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ይህን በክፋት አላለችውም። ለዚህ ነው ያቃጠለኝ።

"አይሆንም፣ ሰዓዳ። መጀመሪያ ንገሪያት፣ ከዚያ አለብሳታለሁ።"

"ያኔ ነበር እንዲህ ማለት" አለች።

"ያኔ ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?"

"አልሄድም ነበር።"

"ሀያትም አትኖርም ነበር።"

"አዎ" አለች። "ግን ምርጫው የኔ ነበር።" ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት።

ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ለዚያች ልጅ አንድ የደስታ ቀን ሰጠኋት እያልኩ ራሴን አጽናንቼ ኖሬአለሁ። ቀኑን ሰጥቻት ይሆናል። ከእጇ የወሰድኩባትንም ግን አሁን አውቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለአንዳንዶቻችን በጣም ይዘገያል።

አሥር ቀን ምንም አልሰማሁም። ነጩን ጥጥ ግን ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ መቀስ አላስነካሁትም። ትናንት ከሰዓት የሀያት መልእክት ስልኬ ላይ መጣ።

"አክስቴ፣ እማ ነግራኛለች። ዛንዚባር ቀርቷል። ሰርጉ እዚሁ፣ እሷ በተኛችበት ክፍል ነው፣ የሚቀጥለው ሳምንት። ቀሚሱ ያው የተባለው ስስ ጥጥ ይሁን፣ እማ እሱን ነው የምትፈልገው። አዲስ አበባ ግን አሁን በጣም ይበርዳል።"

ጨርቁ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ፣ "ነጠላ እደርብልሻለሁ" ብዬ ጻፍኩላትና መቀሱን አነሳሁ።