ተቺው ልብስ ሰፊና የእህቱ እጅጌ

ይድረስ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም! አንድ ማሽን፣ ሁለት መቀስና አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን በበላይነት የሚያስተዳድረው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከድራማ ተቺነት ሥልጣኑ በገዛ ፈቃዱ መውረዱን በታላቅ ሐዘን ያስታውቃል። ልብስ ሰፊው እኔ ነኝ። ሐዘንተኛውም እኔው ብቻ ነኝ፤ ደንበኞቼ እፎይ ብለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ተከታታይ ድራማ ይተላለፋል። ባሏ የሚደበድባት እናት ልጇን ይዛ ልትወጣ ነው፤ ልትወጣ ነው፤ አሁንም ልትወጣ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሳምንት በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔም አሥራ ዘጠኝ ሳምንት ማሽኔ ላይ ተቀምጬ ደራሲውን በትችት ስቀድደው ከረምኩ። አንድ ሳምንት ግራ ጉንጯ በልዞ ታየ፤ በሚቀጥለው ቀኙ። "አያችሁ? ቀለሙን የሚቀባት ሰው ግራና ቀኙን አያውቅም!" ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ዓይነት ዓይን ነው ያለኝ፤ ምንም አያመልጠውም።

እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ታናሼ ናት፤ የሁለት ሴት ልጆች እናት። ባሏን ሰፈሩ "ትሑቱ" ይለዋል፤ ሰላም ሲል እስከ ወገቡ የሚያጎነብስ ሰው ነው። "እንዲህ ያለ ባል በመብራት ቢፈለግ አይገኝም" ብዬ የመሰከርኩለትም እኔ ነኝ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሊያቀልጠው በደረሰበት ሰሞን እህቴ ቀሚሷን አመጣችና "ጋሼ፣ እጅጌውን ሁለት ጣት አስረዝምልኝ" አለችኝ። ምንም የማያመልጠው ዓይኔ ምን አየ? ፋሽን አየ። "አራት ጣት ላድርግልሽ፤ ዘንድሮ የያዘው እሱ ነው" አልኳት። ሳልጠየቅም አንገቱን ከፍ አደረግኩላት።

በሃያኛው ሳምንት የድራማዋ እናት ወጣች። በዝናብ፣ በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው ባለጎማ ሻንጣ እየጎተተች።

"ሻንጣ!" አልኩ፤ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። "ሰው ከአውሬ ሲያመልጥ ሻንጣ ይጎትታል? ጎማው ሲንኳኳ ሰፈሩ አይነቃም? መታወቂያዋስ? የልጇ የልደት ወረቀትስ? ደግሞ ወደ እናቷ ቤት! ባልየው መጀመሪያ የሚሄደው የት ሆነና!"

የሥራ ልብሷን ልትወስድ የመጣች ነርስ ሳቀችብኝ። "አንተ ጻፈዋ ታዲያ!"

እህቴ ቀና ሳትል፣ "ምን ብታደርግ ይሻላት ነበር ጋሼ?" አለች።

ሰው ሲጠይቀኝ ደስታዬን አልችለውም። "ወረቀቶቹን አስቀድማ የምታምነው ሰው ጋ ታስቀምጣለች። ልብሱን አንድ ሁለት እያለች፣ ይጠገን ብላ ልብስ ሰፊ ጋ ታደርሳለች፤ ማን ይጠረጥራታል? ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ፣ ባዶ እጇን ውልቅ!"

"ጎበዝ" አለች ነርሷ። አሁን ግን አልሳቀችም፤ የምታየውም እኔን ሳይሆን እህቴን ነበር። እኔ ጎበዝ መባሌን ብቻ ሰማሁ።

ከሰኞ ጀምሮ እህቴ የልጆቿን ልብስ ታመጣ ጀመር። ዛሬ ሹራብ፣ ነገ ፒጃማ፤ "ይጠገን"። ባገላብጠው ቀዳዳ የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ይነቃ ነበር። እኔ ግን "ደህናውን ልብስ እያስጠገንሽ ልጆቹን አታቀብጪያቸው!" ብዬ ተቆጣኋት። መደርደሪያዬ ጢም አለ።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ መጣች። ውጭ የቆመው ታክሲ ውስጥ ነርሷ ተቀምጣለች።

"ጋሼ፣ የልጆቹን ልብስ ስጠኝ።"

"ገና አልጠገንኩትማ። ቀዳዳውን ፈልጌ አጣሁት!"

"ቀዳዳ የለውም።"

እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቀለለችው። በገዛ እጄ የቀጠልኩት ጨርቅ ስንቱን ሸፍኖ ኖሯል! አዲሱ ሐምራዊ፣ የቆየው ቢጫ። እዚህ ቀለም የሚቀባ ሰው አልነበረም።

"ወንድም አለሽ አይደል እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?" ብዬ ጮህኩ፤ ጩኸት መቼም አይቸግረኝም።

"ነገርኩህ እኮ፣ አምና። 'የማን ትዳር አልጋ በአልጋ ነው? ቻይው' አልከኝ። ከዚያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረግከው።"

ብያለሁ? ብያለሁ። ለቴሌቪዥኗ ሴትዮ "ውጪ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮህኩት ሰውዬ፣ ለእናቴ ልጅ "ቻይው" ብያለሁ።

"ወዴት ነው የምትሄዱት?" አልኳት፣ ድምፄ ቀጥኖ።

"አልነግርህም።"

"ለእኔ?"

"ለአንተ። አፍህ ክዳን የለውም ጋሼ።" ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች።

በማግስቱ ትሑቱ መጣ። አጎነበሰ። "እንደምን አደሩ ጋሼ? ልጆቼ ናፍቀውኝ ነው። የት እንዳሉ ያውቁ ይሆን?"

"አላውቅም" አልኩት። እውነቴን ስለነበር አልከበደኝም።

የከበደኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ነርሷ የጨርቅ ጥቅልል ብብቷ ሥር ሸጉጣ መጣችና፣ "ሁለት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ልካቸውን ታውቀዋለህ" ብላኝ ሄደች። ጨርቁን ዘረጋሁት። ልብስ ሰፊ ትምህርት ቤትን በስሙ ሳይሆን በጨርቁ ነው የሚያውቀው። ያንን ቀለም ከነመስመሩ የሚያስለብስ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ የት እንዳለ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚኬድ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አወቅኩት። እህቴ ይህን ረስታ ይሁን አምናኝ፣ እስካሁን አላውቅም።

ጨርቁ ማሽኑ ላይ ሳለ ትሑቱ ከተፍ አለ። የሰው ካፖርት አንስቼ ሸፈንኩት።

"ምን እየሰፉ ነው ጋሼ?"

ዕድሜዬን ሙሉ ለሁሉም ነገር መልስ የነበረኝ ሰው፣ አንድ እፍኝ ስፒል አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ስፒል የጎረሰ ልብስ ሰፊ አይናገርም። እሱም አልቸኮለም፤ በእህቴ በርጩማ ላይ እስኪመሽ ተቀመጠ። እስኪሄድ ድረስ አንዷንም ስፒል አልተፋሁም።

ዩኒፎርሞቹ ተሰፍተው ሄደዋል። እሱ ግን ከእኔ ተስፋ ሲቆርጥ ደንበኞቼን መጠየቅ ጀምሯል። ይኸው እኔም አላስችል ብሎኝ ጻፍኩት፤ ቀለሙን ግን አልነገርኳችሁም፣ ይህ ለእኔ ትልቅ እድገት ነው። በዚያ ሳምንት ወደ ሱቄ ጎራ ያላችሁ ሁሉ ግን ጨርቁን አይታችኋል። እናም አንተ አንባቢ፣ ያ ሰው ደጅህ ቆሞ፣ እስከ ወገቡ አጎንብሶ፣ "ልጆቼ ናፍቀውኝ ነው" ሲልህ፣ "ምስኪን፣ እንዴት ያለ ጥሩ አባት ነው!" ብለህ አፍህን ከመክፈትህ በፊት፣ እባክህን…