የመዝገበ ቃላቱ ሌባ

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ፣ አሮጌ መጻሕፍት ላስቲክ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ፊት ቆሜ አንድ ጠርዙ የተላጠ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገለጥ ባደርግ፣ ያ የሙጫና የእርጥብ ወረቀት ሽታ ጎትቶ ኮልፌ፣ የልጅነት ክፍሌ ውስጥ አስቀመጠኝ። ሳላስበው ዞር ብዬ የሚያየኝ ሰው እንዳለ ቃኘሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ መዝገበ ቃላት ስነካ ግራ ቀኙን አያለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። የክፍላችን አንድ ለእናቱ መዝገበ ቃላት ከህንዱ መምህራችን ጠረጴዛ ላይ ጠፋ። እሳቸው ቁጣ አያውቁበትም፤ ሰሌዳው ላይ «ፎርጊቭን» ብለው ጻፉና መጽሐፉን የመለሰ እንዲያ እንደሚሆን ነገሩን። ከዚያ እንደ ልማዳቸው የቃሉን ትርጉም፣ ተመሳሳዩንና አገባቡን ጠየቁ። አንድም እጅ አልወጣም። የእኔ አፍ ግን መቼ አርፎ ያውቃል? ተነሥቼ «ይቅር የተባለ» ማለት ነው፣ ተመሳሳዩም «ፓርደንድ» ነው አልኩና፣ ኃጢአታችን ይቅር ተብሏል የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሠራሁ። መምህሩ አጨበጨቡልኝ። ከኋላዬ ግን ሹክሹክታ ተነሣ፤ ተመሳሳይ ቃል ከዚያ መጽሐፍ በቀር ከየት ይገኛል?

ያገኘሁት ከታላቅ እኅቴ ነው። እሑድ እሑድ መስኮቱን ዘግታ፣ ድምፃቸው ደጅ እንዳይሰማ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ፣ ከጓደኞቿ ጋር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታነብ ነበር። ያኔ ጴንጤ መባል ያሳስራል። እናቴም «ቤት ያየሽውን ደጅ ያወራሽ ዕለት እኅትሽን በገዛ እጅሽ አሳሰርሻት» ብላኛለች።

በእረፍት ሰዓት የክፍል አለቃችን መንግሥቱ፣ ከአባቱ የሰማውን የአገር ቤት ወግ ይዞ፣ ባሕር ዛፉ ሥር አውጫጭኝ አስቀመጠን። አገር ቤት ሌባ ሲሰወር ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ያየም ስሙን ሳይገልጥ «ወፍ ነገረችኝ» እያለ ይጠቁማል። ሁሉም በየተራ መንግሥቱ ጆሮ ላይ አጎነበሰ። በመጨረሻም፣

«ወፏ ውብነሽን ነው ያየችው» አለ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ። «ቃሉን ከየት እንዳመጣሽው ንገሪንና ነፃ ውጪ።»

ዝም አልኩ። አንድ አግዳሚ ላይ አብራኝ የምትቀመጠው፣ ቆሎ ከአንድ ኪስ የምንበላው አልማዝ ጠጋ ብላ «ለእኔ እንኳን አትነግሪኝም?» አለችኝ። ለእሷም ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሌባ የሚል ስም ግን ሰተት ብሎ ይገባል። በነጋታው አልማዝ ደብተሮቿን ሰብስባ ሌላ አግዳሚ ሄደች።

መጽሐፉ እንደጠፋ ቀረ። እኔም በፋንታዬ ሁሉን መጠርጠር ያዝኩ፦ መንግሥቱን፣ የጽዳቱን ሰውዬ፣ ሲብስብኝም ያን ያህል የቸኮለችብኝን አልማዝን ራሷን።

አምና የአልማዝ እናት አርፈው ለቅሶ ደረስኩ። እጄን ይዛ፣ በለሆሳስ፣ «የዚያ መጽሐፍ ጉዳይ እኮ የልጅነት ነገር ነው፤ እኔ ድሮ ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ።

እኅቴ ከሞተች ቆይታለች። ያኔ መስኮት ተዘግቶ የሚነበበው ዛሬ ኮልፌ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ይሰበካል፤ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳየው ግን ከልቧ ነው፣ ምሕረቷም አሳርፏታል፤ የእኔን እውነት ብትሰማ ደግሞ የምትጠይቀኝ ይቅርታ በሐዘኗ ላይ ሌላ ሐዘን ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

ጠጋ አለችልኝና፣ ሁለታችንም ሸብተን፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።